ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረው፣
ስሙም ደራሲውም ከሽፋኑ ጋር ሄዶ፣
ከገጽ ዘጠኝ ነበር የሚጀምረው፣
ልክ እንደ ሰው ታሪክ፣ መግቢያው ተቀዶ።

ጋሽ ምናልካቸው፣ ኮቱን ጠመኔ የበላው፣
አንዷን ቅጂ እንደ ዳቦ ለስልሳ ልጅ ያደለ፣
ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አለ፦
"የእንግሊዝ አሮጌ ተረት ነው፣ ብርድ የያዘው፣
ወዲህ አምጡልኝ፣ ትንሽ ፀሐይ ይምታው።
እሐይቃችን ዳር አስቀምጡት፣
በዛሬ ልብስ፣ በዛሬ አፍ አናግሩት።"

ተከፋፈልን።
ግንቡ ሆቴል ሆነ፣ ባለ አራት ፎቅ፣ ሳያልቅ የተመረቀ፣
ብረቱ ከላዩ እንደ ጃርት ወስፌ ሰማይ የጠቀጠቀ።
ሠረገላው ባጃጅ፣ ሰማያዊ፣ "ያልፋል" የተጻፈበት፣
ያ በሰም የታሸገ ደብዳቤ የስልክ መልእክት፣
ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት።
ጭጋጉን ግን አልነካነውም።
ጭጋግማ አለን፣
ጠዋት ጠዋት ከደንገሉ ሥር እየተነሣ
ዓሣ አስጋሪውን ከወገቡ በላይ ብቻ የሚያሳየን።

እኔ የደረሰኝ ድርሻ ፈረስ ነበር።
ፈረሱ ባጃጅ ሲሆን እኔም ሞተር ሆንኩ፣
"ድድድድ" እያልኩ
ከሰሌዳው እስከ በሩ ተመላለስኩ።

ልጅቷን የያዘችው ይታይሽ ናት፣
የሽምብጡ የብናልፈው ልጅ፣
ከጎህ በፊት መረብ ፈትታ ትምህርት ቤት የምትመጣ፣
ከደብተሯ መሐል የቀረሶ ቅርፊት እንደ ሳንቲም የሚወጣ።

የመጨረሻው ትዕይንት፦ መልእክቱ አልደረሰም፤
ወጣቱ ከድቷት የሄደ መስሏታል፣ አልተመለሰም፤
ልጅቷ በሌሊት ፋኖስ ይዛ ወደ ውኃው ትወርዳለች፣
መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሳትጮህ ትሰጥማለች።

ሐይቃችን የክፍሉ ስሚንቶ ነው፣ ሰማያዊ ፌስታል አንጥፈንበት፣
እምቦጩ አረንጓዴ ቡትቶ፣ ዳር ዳሩን በትነንበት።
ይታይሽ መጣች፣ በፋኖስ ፈንታ የስልኳን መብራት ይዛ፣
ውኃውን አየችው አቀርቅራ፣ እኛን አየችን ፈዝዛ።
"እኔ አልሞትም" አለች።

"መጽሐፉ ግን..." አለ ጋሼ።

"ጋሼ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው ዋና የተማርኩት፣
ይህን ውኃ በታንኳ፣ በክንዴ፣ በእልሄ ነው ያቋረጥኩት።
ለጠፋ ኔትወርክ ብዬ
በጉልበት ልክ ውኃ አልሰጥም። የሚመጣ ከሆነ ይምጣ፣
ካልመጣም መረቤ አለ፣ ሲነጋ የሚወጣ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሞተሬን አጠፋሁ፣
ጋሼን አየሁ።
አልሳቀም።
በመስኮቱ አሻግሮ ያያል፣ ዘንባባዎቹን አልፎ፣
ያ ቢጫ ገጽ በጣቶቹ መሐል ተጣጥፎ።

በኋላ ነው የሰማነው፣ ከጥበቃው ከጋሽ ጥሩሰው፦
ድሮ፣ በክረምት፣ ከዘጌ ሲመለሱ ጀልባ ተገልብጦ፣
እጮኛው ነበረች፣ ዋና የማታውቅ፣ የደጋ ሰው።
እሱን አወጡት፣
እሷን ሐይቁ አስቀራት።
ለካስ ያን ገጽ በየዓመቱ ለልጅ ሁሉ ሲያስነብበው፣
አንድ ቀብር ነበር፣ ሃያ ጊዜ የቀበረው።

በማግስቱ ወረቀታችንን መለሰልን።
ከነጥቡ ጋር በእስፒል የተያያዘች
አንዲት ቢጫ ገጽ፣ ከመጽሐፉ የተገነጠለች፣
የመጨረሻዋ።
በጀርባዋ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ አንድ ቃል፦
ትኑር።

እንግዲህ መጽሐፉ መግቢያም መደምደሚያም የለው።
ከኛ በኋላ የመጡት ልጆች
መጨረሻውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣
ሐይቁ ግን ቅርባቸው ነው።

እኔ አሁን የእውነት ባጃጅ ነው የምነዳው፣
ከግሽ ዓባይ ሽምብጥ።
ጋሼን አንዳንዴ አሳፍረዋለሁ፣ ጡረታ ወጥቷል፣
ሒሳብ ቢያወጣም አልቀበለው።
ሲወርድ በከዘራው ጎማውን መታ መታ ያደርግና
"እስቲ እንደ ድሮው" ይለኛል።
ሞተሩን አጠፋና፣
መንገደኛ እያየኝ፣
በአፌ፦
ድድድድ።